ዝናብ ያልነካው ጃኬት

አንድ ቀን ሥራ ውላ ለመግባት እትዬ የምትከፍለው ይህን ነው። ፊቷን ቅባት አይነካውም። ፀጉሯን በደረቁ ጎንጉና ትወጣለች። ሽቶ የለም፣ የከንፈር ቀለም የለም። ቁርሷን መንገድ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ገዝታ አትበላም። ዝናብ ቢጥል የዝናብ ልብስ አትደርብም፣ ጃንጥላ አትይዝም፤ ታጥቦ ታጥቦ የሳሳ የጥጥ ጃኬቷን ለብሳ ትበሰብሳለች እንጂ። ከሁሉ የሚከብዳት ግን ጠዋት ልጄን አለማቀፏ ነው። ልጄ ገላዋን ታጥባ፣ ቅባቷን ተቀብታ፣ እጆቿን ትዘረጋላታለች። እትዬ የራሷን እጆች ከኋላዋ አጣምራ «ማታ እመቤቴ፣ ማታ» ትላትና ትወጣለች።

እትዬ የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት፤ የምንኖረውም አብረን ነው። ሥራዋ የምግብ ፋብሪካ ማሽኖችን ማስመርመር ነው። ምግብ የሚነካውን ሁሉ፣ ቧንቧውን፣ ጎማውን፣ ማጓጓዣ ቀበቶውን በንጹሕ ጨርቅ ጠርጋ ናሙና ትወስዳለች። ላቦራቶሪው መርምሮ ንጹሕ ነው ካለ ፋብሪካው የምስክር ወረቀት ያገኛል። የምትፈልገው የማይጠፉ የሚባሉትን ኬሚካሎች ነው። መጥበሻ ምግብ እንዳይዝ፣ ጨርቅ ውሃ እንዳያስገባ፣ የምግብ መጠቅለያ ዘይት እንዳይመጥ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። ሽታ የላቸውም፤ ቀለምም ጣዕምም የላቸውም። ፀሐይ አያከስማቸውም፣ አፈር አይበላቸውም። ሰው ውስጥ ከገቡም ለዓመታት ይከርማሉ።

«ሰውዬው ይሞታል፣ እሱ ይቀመጣል» ትላለች እትዬ። «እሱ» ነው የምትለው፣ እንደ ሰው። ስለሱ ስታወራ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፤ ጓዳ የተኛ ሰው እንዳይነቃባት የምትጠነቀቅ ነው የምትመስለው።

የፋብሪካ ዘበኞች ደግሞ «ደረቋ» ብለው ስም አውጥተውላታል።

«ደረቋ መጣች! ቅባት የነካው ሁሉ ይደበቅ!» ይላል አንዱ።

«አንተን የት እንደብቅህ? ወዝህ ገና ከአስፋልቱ ይታያል» ትለዋለች።

በየሄደችበት አንድ ጠርሙስ አይለያትም። በውስጡ ላቦራቶሪው አጣርቶ የሰጣት ውሃ አለ። ናሙና የምትወስድበት ክፍል ስትገባ ትከፍተዋለች፣ ምንም ሳታስነካው መልሳ ትዘጋዋለች። ምንም ሊገኝበት አይገባም። ከተገኘበት፣ እሱ ከማሽኑ ሳይሆን ከሌላ ቦታ ተከትሏት መጥቷል ማለት ነው፤ የዚያን ቀን ናሙና ሁሉ አይታመንም። ጠርሙሱን «ምስክሬ» ትለዋለች።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የመጀመሪያው ዝናብ እትዬን አበስብሷት ገባች። ከዚያ ዝናቡ ጠፋ። ሰማዩ ደመናውን እንደተሸከመ ዝም አለ። በዚያ ዝምታ መሃል ነው የሕፃናት ምግብ ፋብሪካ የተላከችው፤ ልጄ የምትበላው ዱቄት የሚሠራበት።

ውጤቱ መጣ። ዱቄቱን ቆርቆሮ ውስጥ ከሚሞላው ማሽን፣ አንድ የጎማ ቀለበት ላይ እሱ ተገኘ። ምስክሩ ውስጥም ተገኘ።

«ይኸው!» አለ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ። «ካንቺ ነው የመጣው። የኔ እህት፣ ማሽኔን ትተሽ መጀመሪያ ራስሽን አስመርምሪ።»

እትዬ ጥፍሯን እስከ ሥጋዋ ቆርጣ፣ ገላዋን ደጋግማ ታጥባ እንደገና ሄደች። ምስክሩ እንደገና ቆሸሸ። የላቦራቶሪው ኃላፊ ጠርቷት፣ አንድ ጊዜ ከተደገመ ከዚህ ሥራ እንደሚያነሳት ነገራት። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ጉዳዩን እንደጨረሰ ቆጥሮ ዱቄቱን ማምረቱን ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን የማላውቀው ቤት ሆነብኝ። እትዬ ከሥራ ስትመለስ አንድ ያልተከፈተ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ትፈዝበታለች። ልጄም እቅፏ ውስጥ ሆና፣ የጃኬቷን ኮሌታ እየጠባች አብራ ትፈዛለች።

«ምን ይታይሻል?» አለችኝ አንድ ቀን።

«ውሃ ነዋ፣ እትዬ።»

«ለኔም ውሃ ነው የሚታየኝ። የሚያስፈራኝ እኮ ይኸው ነው።»

በእጄ የልጄን ማንኪያ ይዤ ነበር። «ታዲያ ዱቄቱን ልስጣት ወይስ ይቅርባት?»

«አላውቅም» አለች። «በማሽኑም ሊኖር ይችላል፣ እዚህም ቤት ሊኖር ይችላል። ምስክሬ ካልነጻ ማወቂያ የለኝም።»

እኔ ቁጭ ብዬ መፍራት አልችልበትም። ዱቄቱን አቁሜ ድንች ቀቅዬ ፈጭቼ መስጠት ጀመርኩ። ሽፋኑ የተፋቀውን መጥበሻ ጣልኩ፤ ቅባቶቹን ሁሉ ሰብስቤ ዘጋሁባቸው፤ ምንጣፉን ከቤት አወጣሁ።

«ግድግዳውንስ መቼ ነው የምታፈርሺው?» አለ ባለቤቴ።

«አንተን ካወጣሁ በኋላ» አልኩት። ሳቅን። እትዬ ግን አልሳቀችም፤ ባዶውን ክፍል ጥግ በጥግ በዓይኗ ትፈትሽ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ታፍኖ የከረመው ዝናብ ተዘረገፈ። ልጄን አዝዬ በሩ ላይ ቆሜ ሳለ እትዬ ከግቢው በር ገባች። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል፣ ቀሚሷ እግሯ ላይ ተጣብቋል። ትከሻዋ ላይ ግን ውሃው ቆሟል። ድቡልቡል ሆኖ፣ እንደ ጨሌ እያበራ፣ በዚያ ባረጀ ጥጥ ላይ ቆሟል። ስትራመድ ይንከባለልና ምንም ምልክት ሳይተው ይወድቃል። እጄን ሰድጄ ነካሁት። ጨርቁ ደረቅ ነው።

«እትዬ» አልኩ፣ «ዝናቡ እኮ አልነካሽም።»

እጅጌዋን አየችው። ቤት ሳትገባ ወደኋላ ተመለሰችና ክንዷን ዝናቡ ውስጥ ዘረጋች። ጠብታዎቹ ገና ሲያርፉ ይሸሿታል። ልጄ ከጀርባዬ ሆና በሳቅ ፈረሰች፣ ልትይዛቸው ተንጠራራች። እትዬ ፊቷ አመድ መሰለ።

ባለቤቴ ከውስጥ ብቅ አለ። «አየሽ! ሠራ!» አለ በደስታ።

«ምኑ ነው የሠራው?»

«ዝናብ የሚከላከለው ስፕሬይ ነዋ! የዚያን ቀን በስብሰሽ ስትገቢ አንጀቴን በላሽው። የዝናብ ልብስ አልለብስም ትያለሽ፤ እኔም ያንኑ ጃኬትሽን ሳታዪኝ ነፋሁበት። ነገሩ እንዳይታወቅሽ ባለሱቁን ጠይቄዋለሁ፤ ሽታም ቀለምም የለውም ብሎኛል።»

እትዬ ጃኬቱን አወለቀች።

«ወንድሜ» አለች እትዬ ቀስ ብላ፣ «እሱን ራሱን እኮ ነው ያለበስከኝ።»

የኔ ዓይን ግን ግድግዳው ላይ ወዳለው ሚስማር ሄዶ ነበር። ጃኬቱ የሚሰቀለው እዚያ ነው፣ ከልጄ አልጋ ራስጌ። ኮሌታውን ስትጠባ የከረመችው ልጄ ናት።

ጃኬቱን በሳሙና አጠብነው። ውሃ ስናንጠባጥብበት ጠብታው ተነስቶ ቆመ። እንደገና አሽተን አጠብነው፤ እንደገና ቆመ። «ተይው» አለችኝ እትዬ፣ «እጣቢውም እሱን ይዞ መሄጃ አለው።» ክዳን ባለው ባልዲ ዘግተን ጥግ አስቀመጥነው። ላቦራቶሪው እስኪወስደው ድረስ፣ ልጄ እየዳኸች ባልዲው ጋ ስትደርስ ቆም ብላ ታየው ነበር። በኋላ የት እንዳደረጉት እትዬን ጠየቅኳት። «ይቀመጣል» አለችኝ።

ኃላፊውን ለምና ለመጨረሻ ጊዜ ፋብሪካው ተላከች። የኔን አሮጌ የጥጥ ሹራብ ለብሳ፣ ዝናቡ እስከ አጥንቷ ዘልቋት ደረሰች። ዘበኛው ጃንጥላ ዘርግቶ ወደሷ ሮጠ።

«አትቅረበኝ!»

«ኧረ ግቢ! ዛሬስ ደረቋ ማለቱም ቀረ!»

ከጃንጥላው ስትሸሽ፣ እሱም በደግነቱ ሲያባርራት ግቢውን ዞሩት።

በዚህኛው ውጤት ምስክሩ ንጹሕ ነበር። የጎማው ቀለበት ግን አሁንም ቆሻሻ ነው። ለካ እሱ ማሽኑም ውስጥ ነበር፤ ከኛ ቤት የሄደው ሸፍኖት ኖሯል። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው። «ምስክርሽ አፍ አወጣ» አለና ማሽኑን አስቆመ። ቀለበቱ ተቀይሮ፣ ዳግም ተመርምሮ እስኪነጻ ድረስ የምስክር ወረቀቱን አላገኘም።

ልጄ ጥርስ አውጥታለች፤ ሐኪሟም ደህና ናት ብላናለች። ከዚያ ኮሌታ ምን ያህል እንደጠባች የሚነግረን ግን የለም። እኔ ደህና ትሆናለች ብዬ ይዣለሁ። እትዬ ግን ዝናብ በጣለ ቁጥር ቤት ከመግባቷ በፊት ክንዷን ትዘረጋለች። እጅጌዋ ሲርስ፣ ውሃው ቆዳዋ ድረስ ሲደርስ፣ ትንፋሿን ትለቅና ትገባለች።

ይህን ልጽፍ መሆኔን ስነግራት «እንግዲያው ይቺን ጨምሪልኝ» አለችኝ። «ዝናብ የመታት ሴት ጠርሙስ ይዛ ሥራ ቦታችሁ ብትመጣ፣ እባካችሁ አትዘኑላት። ጃንጥላ አትዘርጉላት፣ ጃኬታችሁን አውልቃችሁ አታልብሷት፣ ለእጇም ቅባት አትስጧት። ወንበር ብቻ አምጡላት፣ ውሃው ከላይዋ እስኪንጠባጠብ ታገሷት።»