በክረምት የተሞከረ ቅባት

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው ሦስት ሰዎች ነን። አንዱ እኔ ነኝ፤ ያኔ ሃያ ዓመት ያልሞላኝ፣ ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ የማነብ ገበሬ። ሁለተኛዋ ታናሽ እህቴ ናት። ሦስተኛዋ እናታችን፣ ነፍሷን ይማረው።

ያስታወሰኝ ሽታ ነው። በቅርቡ፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጄ እዚያ ለጠቆረ ጠባሳ የሚሞክሩትን የቅጠል ቅባት በትንሽ ብልቃጥ ይዛ መጣች። "አባዬ፣ እስቲ አሽትተው" አለችኝ። የተወቀጠ ቅጠልና የስብ ሽታ ነበረው። ቁጭ ብዬ ነገርኳት።

እህቴ በሕፃንነቷ የፈላ ወተት ተደፍቶባት ከጉንጯ እስከ አንገቷ ጠባሳ ነበራት፤ ጠባሳውም ጠቁሮ ቀረ። ኮላ ድባ ትምህርት ቤት ልጆቹ "ታጥበሽ ነይ እንጂ" ይሏት ነበር። ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ለመማር ጎንደር መሄድ ግድ ነበር። ስምንተኛን ስታልፍ "ይህ ፊቴ ላይ እያለ አልሄድም" አለች። ምዝገባው መስከረም ላይ ነው። ሐኪም ያልጠየቅሁት እኔ፣ አስለቅቃለሁ አልኩ።

ሐምሌ ላይ ጀመርኩ። ቅልጥሜ ላይ እሾህና ማረሻ የተዋቸው ጥቋቁር ጠባሳዎች ነበሩ። አንዱን ማር፣ ሌላውን የእሬት ውሃ፣ ሦስተኛውን በለጋ ቅቤ የተለወሰ የጤና አዳም ጭማቂ ቀባሁት። ማሩ ዝንብ ሰበሰበ። እናቴ "ምነው ልጄ፣ ለዝንብ ድግስ ደገስህ?" እያለች ትስቅብኝ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ደመናው ከሜዳው አይነሣም። ያየሁትን በደብተር እጽፋለሁ። በወሩ ሦስተኛው ጠባሳ የፈካ መሰለኝ። መሰለኝ የምለው እንዲፈካ እፈልግ ስለነበር ነው። ልጆቼ ይህን ልብ ይበሉ፤ የሚፈልገውን ብቻ የሚያይ ዓይን ምስክር አይሆንም።

መስከረም ጠባ፤ ሰማዩ ጠራ። የእህቴን ጉንጭ በዚያው በጤና አዳም ቅቤ እኔው በእጄ ቀባሁ። እናቴ በርጩማ አውጥታ ግድግዳው ሥር አስቀመጠቻት። "ቅቤ ያለ ፀሐይ አይሰርጽም፤ ሞቅ ካለው ሸጋ ይሆናል" አለች። ሁላችንም አናታችንን እየተቀባን እንዲያ ፀሐይ እየሞቅን ነው ያደግን፤ ማንም አልጠረጠረም። እህቴ ዓይኗን ጨፍና ፈገግ አለች። "አያ፣ ጎንደር የሚያውቀኝ የለም። እንደ አዲስ ነው የምጀምር።"

ልጄ እዚህ ላይ አቋረጠችኝ።

"አባዬ፣ ያንተን እግር ፀሐይ አግኝቶት ነበር?"

"ሐምሌ ነው አልኩሽ።"

ብልቃጡን አስቀመጠችው። ከዚያ የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው እንደሚያቃጥል ቀስ ብላ ነገረችኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ እግዚአብሔር ተቆጥቶኝ ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ የእህቴ ጉንጭ ቀላ፤ በሦስተኛው ቀን ውሃ ቋጠረ። ሲደርቅ ከፊተኛው ሰፍቶ ጠቆረ፤ ቅቤው በአንገቷ የወረደበት መስመር ሳይቀር ታየ። መስታወቱን ከእጇ ልወስድ ስል "ተወው አያ፤ አንተም ቀድመህ ተቀብተኸዋል" አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ምዝገባው አለፈ። አዲሱ ጥቁረት በዓመቱ በራሱ ጊዜ ለቀቀ፤ የወተቱ ጠባሳ ብቻ ቀረ። እሷ ግን ያን ዓመት ነጠላዋን እስከ አፏ ተከናንባ ጓሮ ዋለች። በሚቀጥለው መስከረም ስለ ትምህርት ሳነሣባት "ልጆቹ ሁሉ ቀድመውኛል" ብላ ወሬ ለወጠች።

ያስከፈለን ይህ ነው። እናቴ ምክንያቱን ባታውቅም እስክትሞት "ፀሐይ ላይ ያወጣኋት እኔ ነኝ" ስትል ኖረች። እኔ ደብተሬን ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት፤ ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቅ አውቃለሁ ማለት እፈራለሁ። እህቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈችም። ከቤታችን ሰው ሁሉ ፊደል አጣጣሏ የሚያምረው እሷ ነበረች።