የጋሼ ማሩ ጠብታ በእትዬ ዓይን

ጠዋት፣ ከአጋሚም

አጋሚም ሰፈር ካለው ቤቴ የወጣሁት ሺምሾን ሰፈር የሚኖሩትን አጎቴን ጋሼ ማሩንና ባለቤታቸውን እትዬ ጥሩወርቅን ዓይን ክሊኒክ ለማድረስ ነው። ቀጠሮው የዓይን ግፊት ያለባቸው የጋሼ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን የእትዬ ግራ ዓይን ነበር፤ ከፋሲካ ወዲህ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማሳለፍ አቅቷቸዋል። መንገዱ ከአሽቀሎን ከተማ አይወጣም። ቢሆንም ከሁለቱ ጋር መሄድ ራሱን የቻለ አገር ማቋረጥ ነው።

ሺምሾን

ሠርግ የተጠሩ መስለው መኖሪያ ሕንፃቸው ሥር ቆመው አገኘኋቸው። እትዬ ዳቦ በፌስታል ይዘዋል።

«ለእርስዎም ቶር ላስይዝልዎት» አልኳቸው፤ ቀጠሮ ማለቴ ነው።

«ምን ሲደረግ! የሱ ቶር የኔም ቶር ነው።»

የአውቶቡሱን ቁጥር ያነበቡት ጋሼ ናቸው። በመስኮቱ ባሕሩ ብቅ ሲል «ያውልሽ» አሏቸው።

«የቱ ጋ?» አሉ እትዬ። ደነገጥኩ። እሳቸው ግን ዳቦ ቆርሰው አጎረሱኝ።

ክሊኒኩ

ሐኪሟ ጋሼን መርምራ፣ በዓይናቸው የሚፈሰውን ደም ድምፅ በመሣሪያ አሰምታን የዓይናቸው ግፊት መውረዱን ነገረችን።

«ተመስገን! እንግዲህ የኔም ወርዷል» አሉ እትዬ።

ወደ ዕብራይስጥ ስተረጉምላት ሐኪሟ ቀና አለች። «እንዴት?»

«ጠብታውን አብረን ነው የምናደርገው። እኔ ለሱ፣ እሱ ለኔ። ባልና ሚስት አንድ ሥጋ አይደለን?»

ሐኪሟ አልሳቀችም። እትዬን አስተኝታ በተከደነው ዓይናቸው ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ቀባችና ያንኑ መሣሪያ አሳረፈች። ደሙ ሹ... ሹ... ሲል ሰማነው። ቅድም ከሰማነው ከጋሼ ይልቅ ዝግ ያለ ነበር።

«የወንድና የሴት ዓይን የደም ፍሰት አንድ አይደለም» አለች። «የሴት ሆርሞን የደም ሥርን ያላላል፤ የወር አበባ ሲቆም ያም ይለወጣል። የእርስዎ ዓይን ለብቻው መለካት ነበረበት፤ ግራው ተጎድቷል። የጠፋው ብርሃን አይመለስም፤ የቀረውን ግን ለእርስዎ በማዝልዎት ጠብታ እናተርፋለን።»

ጋሼ እጃቸውን እያዩ «እኔ ነኝ ዓይኗን ያጠፋሁት?» አሉ።

«አይደለም፤ ሳይመረመሩ መቆየታቸው ነው» አለች። ያንን ስተረጉም ለሁለቱም አለቀስኩ።

እንደገና ሺምሾን

ቤታቸው ስንደርስ ጋሼ ከእትዬ ነጠላ ጥለት ክር መዘው በአዲሱ የእትዬ ጠብታ ጠርሙስ አንገት ላይ አሰሩ፤ እንዳይሳሳቱ ነው። ከዚያ «ቀና በይ» ብለው ጠብ አደረጉላቸው። እትዬም በተራቸው የጋሼን ጠርሙስ አነሱ። አንድ ሥጋ መሆን ጥሩ ነው፤ ዓይን ግን ለየራሱ እንደሚታይ ይህ አጭር ጉዞ አስተምሮኛል።

ቦርሳዬን አንስቼ ልወጣ ስል እትዬ በቀኝ ዓይናቸው ፈልገው አገኙኝ።

«የኔ ልጅ፣ ለሚመጣው ወር የራሴን ቶር ያዢልኝ።»