ሲስተር አሰበችና የራኩባው ሕፃናት

ሲስተር አሰበች ከጎንደር ወደ ቆላው ክሊኒክ ሲላኩ «ለሁለት ዓመት ነው፤ ከዚያ ትቀየሪያለሽ» ተብለው ነበር። እኔ በ1978 ዓ.ም. ካርድ ጸሐፊ ሆኜ ስቀጠር ዘጠነኛ ዓመታቸውን ይዘው ነበር። ክሊኒኳ ከሽንፋ ወደ ገለጉ በሚወስደው መንገድ ዳር የተሠራች ባለሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነበረች። ከስድስት ሰዓት በኋላ ግድግዳዋ እጅ አያስነካም። በዚያ ሰዓት ሲስተር ጫማቸውን አውልቀው ያበጠ እግራቸውን ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ይከታሉ። ሕፃን ከመጣም ከሳፋው ሳይወጡ ያክማሉ። መጀመሪያ ሳየው ሳቄ መጥቶ ነበር። ኋላ ግን ሳፋውን የምሞላላቸው እኔው ሆንኩ።

ጠዋት ጠዋት እናቶችን ደጅ ሰብስበው ያስተምራሉ። ትምህርቱ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያው ነው። ተቅማጥ የያዘውን ልጅ ውሃ አትከልክሉት፣ ጡት አታስጥሉት፣ እንጥል አታስቆርጡ፣ ግግ አታስወጡ። አንዳንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ይመጣና ከትምህርቱ በፊት መፈክር ያሰማል። እናቶቹም ልጃቸውን በአንድ ክንድ ታቅፈው ግራ እጃቸውን ያነሣሉ። ሲስተር እጃቸውን ጋውናቸው ኪስ ከተው ይጠብቁና ሲጨርስ፣ «እሺ፣ አሁን ወደ ተቅማጣችን» ይላሉ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ይስቃሉ።

ለስላሳ ሰው ነበሩ ብዬ አልዋሽም። ይቆጣሉ፣ ያመናጭቃሉ። ልጇን አዘግይታ ያመጣች እናት ከሳቸው ፊት ስትቆም እኔ ራሴ እሳቀቅ ነበር። ግን ቁጣው ከክፋት የመጣ እንዳልሆነ ማንም ያውቃል። ደክሟቸው ነበር። ያንኑ ነገር ለሺህ ሰው ሲናገሩ ኖረው፣ ያው ልጅ በዚያው በሽታ በዚያው ወር ይመጣል።

ጥቅምት ላይ ደግሞ የሰሊጡ አጨዳ ይደርሳል። ሰሊጥ ከደረሰ አይታገሥም፤ ፍሬው ተከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ከጎጃምና ከወሎ አጫጁ ይጎርፋል፣ ከባሎቻቸው ጋር ሕፃን ያዘሉ ሴቶችም ይመጣሉ። የደጋ ልጅ የቆላውን ውሃ አይችለውም። ከመጡ በሳምንቱ ደጃችን በነሱ ይሞላል።

አንድ ሰኞ ባፈና የምትባል የጎጃም ሴት የዓመት ተኩል ልጇን ማሩን ይዛ መጣች። ከማሳው እኛ ጋ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ሲስተር የልጁን ሆድ ቆዳ ቆንጠጥ አድርገው ለቀቁት፤ ቀስ ብሎ ተመለሰ፣ ውሃ አልቆበታል ማለት ነው። ሦስት ፓኬት የተቅማጥ ቅመም ሰጧት። ለደረቀ ሕፃን የሚበጠበጥ ጨውና ስኳር ያለበት ዱቄት ነው። «አንዱን ፓኬት በሦስት የቢራ ጠርሙስ የፈላ ውሃ በጥብጪ። ቀኑን ሙሉ በማንኪያ በማንኪያ አጠጪው። በማግስቱ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን» አሏት።

ባፈና ግን አልተነሣችም። «ሲስተር፣ ኸማሳው ላይ ሌሎች ሁለት ልጆችም እንዲሁ ያስቀምጣቸዋል። ለነሱም ቢሰጡኝ?»

«እናቶቻቸው የት ሄዱ?»

«ካፖው በቀን ኸአንዲት ሴት በላይ አይለቅም።» ካፖ የሚሉት የአጫጆቹን አለቃ ነው።

«ያላየሁትን ልጅ አላክምም። ያምጧቸው» አሉና ቀጣይዋን ጠሩ። ደንቡ እንዲያ ነው። ደጅ ላይ ሠላሳ ሰው ይጠብቃል፣ እግራቸው አብጧል። እኔም አንገቴን ደፍቼ የማሩን ካርድ ጻፍኩ።

ሐሙስ ጠዋት ባፈና ተመለሰች። ማሩ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ሲያለቅስ እንባ የለውም። ሲስተር ልጁን ተቀብለው፣ «ሦስቱን ፓኬት አጠጥተሽው ነው እንዲህ የሆነው?» አሉ።

«በየቀኑ አንዳንድ በጥብጠናል። ለሦስቱም ልጆች አካፍለን ነው ያጠጣነው።»

ሲስተር በዚያ ሁሉ ሴት ፊት ጮኹባት። የልጅሽን መድኃኒት ለሰው የምትሰጪ ምን ዓይነት እናት ነሽ፣ ሲሶ መድኃኒት ልጅ ያድናል ወይ፣ ጆሮ የለሽም ወይ፣ ምኑ ቅጡ። ባፈና እስኪጨርሱ ጠበቀች። ከዚያ ድምፅዋን ሳታነሣ መለሰች።

«ሲስተር፣ ቀን እኮ ልጄ ዘንድ የለሁም። ጎሕ ሲቀድ ማጭድ ይዘን እንገባለን። ልጆቹን በሙሉ ኸራኩባው ሥር እንተዋቸዋለን፣ አንዳችን በተራ ቀርተን እንጠብቃለን። ትናንት የባየሽ ተራ ነበር፣ ዛሬ የታንጉ ነው። የታንጉ ልጅ መነን ኸማሩ ጎን ነው የምትተኛው። ማሩን ሲያጠጡት እጇን ኸጣሳው ላይ ትዘረጋለች። ታንጉ የኔን ልጅ እያጠጣች የራሷን እንድትከለክል ነው?»

ራኩባ በአራት ቋሚ እንጨት ላይ ሣር የለበሰ ጥላ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲስተር ለአንዲት እናት ስለ አንድ ልጅ ሲያስተምሩ፣ በአጨዳ ወራት ልጆቹን ቀን የሚያሳድጋቸው ያ ጥላና ተረኛዋ ሴት መሆናቸውን ከመካከላችን የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም ካርዱ ላይ የእናት ስም እንጂ የተረኛ ስም ጽፌ አላውቅም።

ሲስተር ማሩን ጭናቸው ላይ አስተኝተው በማንኪያ ያጠጡት ጀመር። ያስመልሰዋል፤ አሥር ደቂቃ ይጠብቁና እንደገና ይጀምራሉ። ወረፋው ቆመ፣ ማንም ግን አላጉረመረመም። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ልጁ ጋውናቸው ላይ ሸና። «ተመስገን» አሉ፣ ሳይነሡ። ከዚያ ባፈናን ቀና ብለው አዩዋትና፣ «ሌሎቹስ?» አሏት።

«የባየሽ ልጅ ይሻላል። መነን ግን ትናንት ማታ ዓይኗ ተገልብጦ ነበር።»

ማሩን ለባፈና መልሰው በየደቂቃው አንድ ማንኪያ እንድትሰጠው አዘዟት። የቀሩትን ፓኬቶች በሙሉ ከመደርደሪያው አውርደው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ያበጠ እግራቸውን እንደምንም ጫማ ውስጥ አስገብተው በዚያ ፀሐይ ወጡ። የፈላ ውሃ በጄሪካን ተሸክሜ ተከተልኳቸው።  ሰኞ የባፈናን ልመና እኔም እየሰማሁ ካርድ ስጽፍ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ደረስን። ራኩባው ሥር ስድስት ሕፃናት ጆንያ ላይ ተኝተዋል። ነጠላዋን አዘቅዝቃ የለበሰች ቀጭን ሴት የአንዱን ልጅ ራስ ክንዷ ላይ አስደግፋ ቀጭን የማሽላ አጥሚት በማንኪያ ታጠጣለች።

«ታንጉ ነሽ?» አሉ ሲስተር።

«ነኝ።»

«መነን የቷ ናት?»

ታንጉ ማንኪያውን ሳታስቀምጥ በአገጯ ከማሳው ወዲያ ያለውን ዛፍ አመለከተች። «ጠዋት ቀበርናት። ባፈና ኸወጣች በኋላ ነው ያረፈችው።»

ሲስተር አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡ። «ልጄ፣ አንቺ ጋደም በይ። እኔ አጠጣቸዋለሁ» አሏት።

«ተራዬ ነው» አለች ታንጉ። «ሌሎቹም ተኚ ብለውኝ ነበር። የሰው ልጅ ለማን ጥዬ ልተኛ?»

ሲስተር ፓኬቱን ቀደው በጠርሙስ እየለኩ በጠበጡ። እጃቸው ሥራውን ያውቀዋል፣ ፊታቸው ግን የሌላ ሰው ፊት ነበር። ጣሳውን ሲያቀብሏት አልለቀቁትም። «ሰኞ ባፈና ለመነን ብላ ይሄን ለምናኝ ነበር። ከልክዬ መለስኳት። እዚያ መደርደሪያ ላይ ነበረ» አሏት።

«ነግራኛለች» አለች ታንጉ። ልጁን ከክንዷ አንሥታ የሲስተር ጭን ላይ አስተኛችው፣ ማንኪያውንም ሰጠቻቸው። «ተራዬን ጥዬ አልተኛም። ጣሳውን እኔ ልያዘው፣ እርስዎ ያጠጡት።»