ለሩፋይዳ የወደቁት ሁለት ባቄላዎች

ሩፋይዳ ጀማሉዲን ተናዳለች። ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ንዴት አይምሰላችሁ፤ አብሯት አድሮ አብሯት የሚነሣ፣ ምሳ ስትበላ ጉሮሮዋ ላይ የሚቆም ንዴት ነው። ያናደዳት ጠላት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ያናደዷት ወዳጆቿ ናቸው፤ ያውም "ስለምንወድሽ እኮ ነው" እያሉ።

ልጅቷ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ መካነ ሰላም ነው። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ትማራለች፤ የከተማው ስካውት ቡድን ምክትል መሪም ናት። ቡድኑ ሃያ ሰባት ልጆች አሉት፤ ከፊሎቹ ጁምዓ የሚሰግዱ፣ ከፊሎቹ እሑድ የሚያስቀድሱ ናቸው። ሐሙስ ከሰዓት ግን የጋራቸው ነው። ሰማያዊ ስካርፋቸውን አንገታቸው ላይ አስረው ይወጡና የተደፈነ ቦይ ይከፍታሉ፣ የአቅመ ደካማ ቤት ይመርጋሉ፣ ከብት እንዳይገባበት ምንጭ ያጥራሉ።

አካፋና ዶማ የሚዋሱት ከቅሬው ነው። ቅሬ ማለት ሰው ሲሞት ለቀብር የሚደርሰው የሰፈሩ ማኅበር ነውና መሣሪያው መቃብር የሚቆፈርበት ነው፤ ሰው በሞተ ሰዓት አንድ ዶማ ቢጎድል ጉድ ይፈላል። ስለዚህ የቅሬው ዳኛ አቶ ክንፈ ለጎረምሳ ሁሉ እያነሡ አይሰጡም። "ሩፋይዳ አለች?" ብለው ይጠይቃሉ። አለች ከተባለ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ይወጣል። የለችም ከተባለ "እንግዲያ ለሳምንት" ብለው ይመልሷቸዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ዶማ ጠፍቶባት አያውቅም።

አባቷ ሸህ ጀማሉዲን የሰፈሩን ልጆች ቁርአን ያቀራሉ። ልጃቸውን አልከለከሏትም፤ የጎረቤቱ ወሬ ግን ሰልችቷቸዋል። "ያቺ ልጅ ምን ሆና ነው አካፋ ተሸክማ የምትዞር?" የሚለው ሰው በዝቷል። እናም በዚህ ዓመት መጀመሪያ ላይ አስቀምጠው ቁርጡን ነገሯት።

"እኔ ሥራሽን ቆሜ አላየሁም" አሏት። "ያዩት ጓደኞችሽ ናቸው። እነሱ ይመስክሩልሽና ለሰዉ የምመልሰው ልያዝ። ካልመሰከሩልሽ ግን በቃ፣ ስካርፉን አውልቂው።"

ሩፋይዳ በደስታ ተስማማች። ምስክሩ የሚሰጥበትን ቀን ታውቀዋለችና።

በዞኑ ስካውቶች ዘንድ "አርአያ ጓድ" የሚባል የክብር ማኅበር አለ። በየዓመቱ ከየቡድኑ አንድ ልጅ ብቻ ይገባበታል። የገባው ደሴ ወርዶ አምስት ቀን የአመራር ሥልጠና ይወስዳል፤ ሲመለስ አዲስ ቡድን ማቋቋም ይፈቀድለታል። ሩፋይዳ አጎራባች በሆነችው ወግዲ ላይ የሴት ልጆች ቡድን ልታቋቁም አስባለች፤ ስማቸውን ያስመዘገቡ አሥራ አራት ልጆችም አሏት። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው መወዳደር ስለማይችል ዕድሏ የዘንድሮው ብቻ ነበር።

ለአርአያ ጓድ አስተማሪ አይመርጥም፤ ጽሕፈት ቤትም አይመርጥም። የሚመርጡት አብረው አፈር የዛቁት ልጆች ናቸው። የመካነ ሰላሞቹ ደግሞ በወረቀት አይመርጡም፤ የእጅ ጽሕፈት ይታወቅና ቅያሜ ይመጣል ብለው ይፈራሉ። እያንዳንዱ አንድ ባቄላ ይይዛል። ባዶ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ጣሳ ይቀመጣል፤ በየጣሳው ላይ የተወዳዳሪው ስም አለ። አንድ በአንድ ይገቡና ባቄላቸውን ጥለው ይወጣሉ። ተወዳዳሪዎቹም ይመርጣሉ፤ ሁልጊዜም ቀድመው የሚገቡት እነሱ ናቸው።

ዘንድሮ ከሩፋይዳ ጋር የተወዳደረው ኸባብ ነው። ኸባብ ክፉ ልጅ አይደለም። አባቱ የእህል መጋዘን ስላላቸው ሐሙስ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ ጆንያ ሲያስጭን ይውላል፤ ከሰባት ሐሙስ አንዱን ቢመጣ ነው። መመረጥ ግን ይወዳል። አምናም ካቻምናም ተወዳድሮ ሁለቱንም ጊዜ አንድ ባቄላ እንኳ አላገኘም። አምና የቡድኑ አስተማሪ መምህር ይሄነው ጣሳውን ሲገለብጡት ምንም ሳይወድቅ ቀረ። ኸባብ ሳቀ። ያን ሳቅ ያየ ልጅ ሁሉ አንጀቱ ተላወሰ። ጣጣው የመጣው እንግዲህ ከዚያ ሳቅ ነው።

በምርጫው ቀን መምህር ይሄነው ባቄላውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፈው ቆጠሩ። እንደገና ቆጠሩ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉና ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠሩ።

"ኸባብ ሃያ አምስት" አሉ። "ሩፋይዳ… ሁለት።"

ያጨበጨበ ሰው አልነበረም። ሁሉም አፉን ከፍቶ ቀረ። ሩፋይዳ የግንቦት ፀሐይ አናቷን የመታት መሰላት፤ ቢሆንም ሄዳ የኸባብን እጅ ጨበጠች፣ ዶማዎቹን ቆጥራ ለአቶ ክንፈ መለሰች፣ ቤቷ ገባች። አባቷ ቁጥሩን ሲሰሙ "አልሃምዱሊላህ፣ ቁርጡን ማወቅ ጥሩ ነው" አሉና ስካርፉን አጥፋ ሣጥን ውስጥ እንድታስቀምጠው ነገሯት።

በማግስቱ ሰርካለም መጣች። ሰርካለም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ዴስክ አብራት የተቀመጠች ጓደኛዋ ናት። ገና በሩ ላይ ስትደርስ ማልቀስ ጀመረች።

"ሩፊ፣ ይቅር በይኝ። አንቺ እኮ በእርግጠኝነት ታልፊያለሽ ብዬ ነው! ያ ልጅ ዘንድሮም ዜሮ ሊሆን ነው ብዬ አሳዘነኝ። አንዷ ባቄላ ምን ትጎዳለች ብዬ ለሱ ጣልኩለት።"

ሩፋይዳ የሆነው ሆነ ብላ አባብላ ሸኘቻት። ከሰዓት ሃሩን መጣ። "ወላሂ ሩፋይዳ፣ ሌሎቹ ላንቺ ይሰጣሉ ብዬ ነው። ልጁ እንዳያፍር ብዬ አንዷን…" ቅዳሜ ንግሥቴ መጣች፤ ያው ቃል። እሑድ ሦስት ሆነው መጡ፤ አንዱ ሲናገር ሁለቱ በአፍረት መሬት መሬቱን እያዩ ያው ቃል። እስከ ማክሰኞ ድረስ አሥራ አንድ ልጅ መጥቶ አሥራ አንድ ጊዜ ይቅርታ ጠየቀ። በሁሉም ድምፅ ውስጥ ደግሞ ትንሽ ኩራት ነበረ፤ ጥሩ ሰው መሆናቸውን ጭምር ሊነግሯት የመጡ ይመስላሉ።

አያናድድም? ክፋት ቢሆን ይከሰሳል፣ ጉቦ ቢሆን ይጋለጣል። ደግነትን ምን ብለው ይከሱታል? አንድም ልጅ ከሌላው አልተማከረም፤ ሁሉም ለየብቻው አዘነ፤ ሁሉም እውነቱን ሌላው ይናገርልኛል ብሎ ትቶት ወጣ። ከሁለቱ ተወዳዳሪዎች ሌላ ከመረጡት ሁሉ ለሩፋይዳ የሰጠው ትንሹ ንጉሡ ብቻ ነው። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ቡድኑ ውስጥ ከገባ ስድስት ወሩ። እሱንም ሰርካለም ለማን እንደሰጠ ሲናገር ሰምታ መንገድ ላይ "አንተ ጨካኝ፣ ትንሽ እንኳ አላሳዘነህም?" ብላ ተቆጥታዋለች።

ሸህ ጀማሉዲን ደረሳዎቻቸውን እያቀሩ ይህን ሁሉ ከውስጥ ሰምተዋል። ማክሰኞ አመሻሽ ላይ፣ የመጨረሻው ልጅ ሲሄድ፣ ኪታባቸውን አጥፈው ወጡ። ሩፋይዳ የአባቷ ፊት እንዲህ ቀልቶ አይታ አታውቅም።

"ምስክርነት ሶደቃ ነው እንዴ? ለቸገረው ሁሉ የሚበተን!" አሉ። "የተጠየቁት ማን ያሳዝናል ተብለው ነው ወይስ ማን ይገባዋል? አሥራ አንድ ሰው ቤቴ ድረስ መጥቶ በሐሰት መመስከሩን በኩራት ይነግረኛል!" ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "አንቺስ? ባቄላሽን ለማን ሰጠሽ?"

ይህን ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ ስትሸሸው ነበር።

"ለኸባብ" አለች። "ራሴን መምረጥ ነውር መስሎኝ፤ ደግሞም አሳዘነኝ።"

"እንግዲያ በማን ነው እንዲህ የምትንጨረጨሪው?"

"በነሱም በራሴም! እርስዎም ስካርፌን ሣጥን ከተቱብኝ፤ በርስዎም ተናድጃለሁ!"

ሸሁ እንደ መሳቅ አሉ፤ ወዲያው ግን ኮስተር አሉ። "እሺ። ሃያ አምስት አልጠይቅሽም። ፊት ለፊት፣ ሰው እየሰማ፣ 'የሚገባው ለሷ ነበር' የሚል አንድ ሰው አምጪልኝ። አንድ ሰው ብቻ። ያኔ ለጎረቤት የምመልሰው አላጣም፤ አንቺም አካፋሽን ትይዣለሽ። ጓዳ ለጓዳ የሚነገር ምስክር ግን እኔ ቤት አይሠራም።"

ሐሙስ ከሰዓት ቡድኑ ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ዳር ባሕር ዛፎቹ ሥር ተሰበሰበ። የዕለቱ ሥራ ክረምት ሳይገባ በታችኛው ጅረት ላይ መሸጋገሪያ ድንጋይ መደርደር ነበር፤ አምና ሁለት የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ጎርፍ ሊወስዳቸው ሲል ለጥቂት ነው የተረፉት። መምህር ይሄነው የኸባብ ስም ወደ ደሴ መላኩን ተናገሩ። ምርጫ በዓመት አንዴ ነው፤ ደንቡ ድጋሚ የሚባል ነገር የለውም። ሩፋይዳ ያለ ስካርፍ መጥታ ነበር። እጇን አውጥታ ተነሣች።

"ምርጫው ይደገም አልልም" አለች። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ በመንቀጥቀጡ ይበልጥ ተናደደች። "ቤቴ እየመጣችሁ የነገራችሁኝን አሁን እዚህ ድገሙልኝ። የሚገባው ለማን ነበር? አንድ ሰው ይናገር።"

ማንም አልተናገረም። ኸባብ መሐላቸው ተቀምጦ ነዋ! ሰርካለም የታሰረ የጫማ ክሯን ፈትታ ማሰር ጀመረች። ሃሩን ባትሪው ያለቀ ስልኩን ትክ ብሎ አየ። ንጉሡ እጁን ሊያነሣ ሲል ንግሥቴ እጅጌውን ይዛ ጎተተችው። ያን ሁሉ ያለቀሱላት ሰዎች ተደርድረው ሣር ሲነጩ ሩፋይዳ ቆማ አየቻቸው። በዚያች ደቂቃ ጠላቻቸው፤ ይህን መደበቅ አይቻልም።

"ምንድን ነው የነገሩሽ?" አለ ኸባብ። እሱ ምንም አያውቅም ነበር።

ሩፋይዳ መለስ ብላ መቀመጥ ትችል ነበር። አልተቀመጠችም። "ዜሮ እንዳታገኝ አዝነውልህ ነው የመረጡህ። እኔም እንደነሱው ነኝ። አሳዘንከኝና ባቄላዬን ላንተ ጣልኩ።"

ኸባብ ቀስ ብሎ ተነሣ። ፊቱ መጀመሪያ አመዱ ወጣ፣ ከዚያ በርበሬ መሰለ።

"ሃያ አምስታችሁም?" አለ። "እናቴ ዶሮ አርዳ ጎረቤት ጠርታለች። አባቴ መጋዘኑ ውስጥ ላለው ወዛደር ሁሉ አውርቷል። አምና ዜሮ ያገኘሁ ጊዜ አልሞትኩም፤ ሐሙስ ሐሙስ ስለማልመጣ ነው ብዬ ተቀበልኩት። ዘንድሮ አምስት ጊዜ ብመጣ ሥራዬን አይተውልኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ! ማን እዘኑልኝ አላችሁ? ያዋረዳችሁኝ አሁን ነው!" ትንፋሹ ተቆራረጠ። "እኔ የራሴን ባቄላ ለሩፋይዳ ነው የጣልኩት፤ ስለሚገባት። እየሰማችሁ እላለሁ፤ የሚገባው ለሷ ነበር። ቲቸር፣ የኔን ስም ያንሡልኝ።"

መምህር ይሄነው ወረቀታቸውን አጠፉ፣ ዘረጉ። ስሙን ማንሣት እንደሚቻል፣ በምትኩ ሌላ ማስገባት ግን እንደማይቻል ተናገሩ። ከዘንድሮው አርአያ ጓድ ውስጥ የመካነ ሰላም ቦታ ባዶ ይቀራል ማለት ነው። የወግዲ አሥራ አራት ልጆችም ሌላ ሰው እስኪያገኙ ይጠብቃሉ።

ሩፋይዳ አባቷ የጠየቋትን አንድ ሰው አግኝታለች። አካፋዋን የሚነጥቃት የለም። ግን ደስ አላላትም፤ ያገኘችው ምስክር ያቆሰለችው ልጅ ነው። ኸባብን "ይቅር በለኝ" አለችው፤ እሱም አንገቱን ነቀነቀ እንጂ ቀና ብሎ አላያትም።

ከዚያ ወደ ቀሩት ዞረች። ልትሰድባቸው አፏን ከፈተች። ፀሐዩ እያዘቀዘቀ ነው፤ ጅረቱ ድንጋይ ይጠብቃል።

"ዶማ አንሡ" አለች። "እንሂድ።"

ሁሉም በአንድ ጊዜ ብድግ አሉ። ዶማውን ተሻምተው አነሡ፣ ቁልቁለቱን አንድም ሳይቀር ተከትለዋት ወረዱ፣ "ይሄን ድንጋይ የት እናድርገው ሩፋይዳ? ይሄኛውንስ?" እያሉ እስኪመሽ ድረስ ከአፏ የሚወጣውን ይጠብቁ ነበር።