በባጃጅ የመጣው ውሃ

ከዋጃ እስከ ጎብዬ እንደኔ እንግዳ መቀበል የሚያውቅ ሰው የለም። በደጄ የሚያልፍ ግመል እንኳ አንገቱን ሰበር አድርጎ ነው የሚሄደው። በዚሁ ችሎታዬ ግን መንደራችንን የውሃ ጉድጓድ ላሳጣው ጥቂት ነበር የቀረኝ።

የአንድ የውጭ መንግሥት የርዳታ መሥሪያ ቤት ጉድጓድ ሊያስቆፍርልን አስቦ፣ ችግራችንን በዓይኗ አይታ የምትወስን ሴትዮ ላከ። ገንዘቡ ከሕዝባቸው ግብር የተሰበሰበ ስለሆነ ሳያዩ አይሰጡም። የውሃ ኮሚቴው ሊቀመንበር ደግሞ እኔ ነኝ። ታዲያ ራያ እንግዳ ፊት "የለኝም" ይላል? ሞቱ ነው! በዋዜማው ከቆቦ በባጃጅ ውሃ አስጫንኩ። ጋኑ ሞላ፣ ግቢው ተርከፈከፈ፣ ልጆች ታጠቡ፤ ፍየሏ እንኳ ገላዋን ታጥባ ነው የታረደችው።

በማግስቱ ሴትዮዋ ስትመጣ እስከ ክርኗ አስታጠብናት። የሞላውን ጋን አየች፣ እርጥቡን ግቢ አየች፣ ከወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ለመጣው አስተርጓሚ አንድ ነገር ሹክ አለችው።

"ምን አለች?" አልኩት፣ ምስጋና ጠብቄ።

"ውሃማ ሞልቷቸዋል፤ ጉድጓዱ የባሰበት መንደር ይሂድ ነው የምትለው።"

የጠቀለልኩትን ጉርሻ መሶቡ ላይ መለስኩት። ባለቤቴ ማስታጠቢያውን ቁጭ አደረገች።

"አንተ ሰውዬ፣ ትናገራለህ ወይስ እኔ ልናገር?" መልሴን አልጠበቀችም። "ወላሂ እቴ፣ ይሄ ውሃ ትናንት ከቆቦ በባጃጅ የመጣ ነው። የኛን ማየት ከፈለጉ ይሄውልዎ!" ሻሿን ገለጥ አድርጋ የጀሪካን ገመድ ያቆሰለውን ትከሻዋን አሳየቻት።

እንግዳይቱ ምግቡን ትታ ተነሣች። የምትቀዱበትን አሳዩኝ አለች።

ይሄስ የሊቀመንበር ሥራ ነው ብዬ ከፊት ቀደምኩ። ደረቴን ነፍቼ፣ ስለ ውሃ ችግራችን እየተነተንኩ፣ በማሽላው ማሳ ዳር መራኋት። ከኋላዬ የተከተሉን የመንደሩ ሴቶች ሳቅ ፈነዳ።

"ወዴት እየወሰድካት ነው?" አለች ባለቤቴ። "ይሄ እኮ አንተ ጫት ልትቅም የምትሄድበት መንገድ ነው!"

ዞረን እሷን ተከተልን። መንገዱ ረዘመብኝ፤ እንግዳይቱ አልደከማትም፣ እኔ ሁለቴ ተቀመጥኩ። በደረቀው ወንዝ አሸዋ ውስጥ ሴቶች በጣሳ የሚጨልፉትን ድፍርስ ውሃ ስታይ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። ጉድጓዱ ተቆፈረልን፤ ዛሬ ከደጃችን እንቀዳለን።

ሊቀመንበርነቱ አሁንም የኔ ነው። ውሃ ግን በዕድሜዬ ቀድቼ አላውቅም፤ ሚስቴ ከየት እንደምታመጣልኝም ያወቅሁት ያን ቀን ከፈረንጇ ጋር ነው።