ለጌሙ የሰጠሁት ድምፅ

የያዙኝ ጠዋት፣ ፈረስ መጋላ ላይ ከባጃጅ ስወርድ ነው። ሁለት ሲቪል የለበሱ ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ጃኬቱን ክንዱ ላይ አጥፎ ይዟል። ስሜን ጠርቶ ሰላም ሲለኝ ከተማሪዎቼ የአንዱ አባት መስሎኝ ፈገግ ብዬ መለስኩለት።

"እህት፣ ለትንሽ ጥያቄ ፈልገንሽ ነው። ብዙ አናቆይሽም" አለኝ።

የባጃጁ ሹፌር አንዴ እኔን፣ አንዴ እነሱን አየና ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። አልፈረድኩበትም።

የኮምፒውተር አስተማሪ ነኝ። ሰፈራችን ውሃ ከጠፋ ስለመሰንበቱ፣ ስብሰባ ላይ ተነስተው ስለ ውሃው የጠየቁ ሰዎችም ስለመታሰራቸው ፌስቡክ ላይ ጽፌ ነበር። ስለዚህ ለምን እንደፈለጉኝ ለመጠየቅ አልደከምኩም።

ጣቢያው ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ አዲሱ ከተማ ውስጥ ነው። ስልኬን ተቀበሉኝ፤ የሚከፈትበትን ቁጥር አስነገሩኝ፤ የጫማዬን ማሰሪያ አስፈቱኝ። ከዚያ አንዲት ፖሊስ የሴቶቹን ክፍል ከፈተችልኝ። ግድግዳው እስከ ወገቡ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ ኖራ ነው። መስኮቱ ከፍ ያለ ስለሆነ የሚታየው የጎረቤት ቆርቆሮ ጠርዝና ትንሽ ሰማይ ብቻ ነው። ክፍሉ በረኪናና ያልደረቀ ብርድ ልብስ ይሸታል።

ውስጥ ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንደኛዋ ከሶፊ የመጡ ጫት ነጋዴ ናቸው። አዴ እንላቸው ነበር፤ እኛ ጋ ትልቅ ሴት በአክብሮት የምትጠራው እንደዚያ ነው። ልጃቸው ሰልፍ ላይ ታይቷል ተብሎ ሲፈለግ ጠፋ፤ እሱ እስኪመጣ እሳቸውን አስቀመጧቸው። ሁለተኛዋ የእኔ እኩያ የምትሆን ነርስ ነበረች። የሥራ ባልደረባቸው ይፈታ ብለው ከፈረሙት መካከል ናት። ስገባ ከግድግዳው ፈቀቅ ብላ ከምንጣፏ ግማሹን ለቀቀችልኝ።

ከሰዓት በኋላ ለምርመራ ተጠራሁ። መርማሪው በዕድሜ የሚበልጠኝ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ስለ ውሃው ይጠይቀኛል ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ከስልኬ የታተሙ ወረቀቶች ፊቱ ዘርግቷል።

"የምንጊዜም ምርጥ የምትሉት ማነው?" አለኝ።

"ማን ሳይሆን ምን ነው። ጌም ነው።"

"ምን ጌም?"

አስረዳሁት። ከተማሪነታችን ጀምሮ ጌም የምንወድ ጥቂት ጓደኛሞች ቴሌግራም ላይ ግሩፕ አለን። ሰሞኑን በሕይወታችን ከተጫወትናቸው ሁሉ የምንወደውን አንድ ጌም እየመረጥን ነበር። አንድ ብቻ ነው የሚመረጠው፤ ምክንያትም ይነገራል። ሁሉም ድምፁን ሰጥቷል። የቀረሁት እኔ ነኝ፤ መወሰን አቅቶኝ ሲጨቀጭቁኝ ሰንብተዋል።

መርማሪው መነጽሩን አስተካክሎ ማንበብ ጀመረ። "'ነብሮ' የሚባለው፣ 'ከተማውን ለመያዝ ጠባቂዎቹ እስኪዳከሙ መጠበቅ ነው' ይላል።"

"ጌሙ ውስጥ ያለውን ከተማ ነው።"

"'ጦር ሳትሰበስቢ እንዳትወጪ' ይልሻል።"

"እሱም ጌሙ ነው። ከተማ እየገነባን የምንዋጋበት ጌም አለ።"

"እኔም ቤት ልጆች ጌም ይጫወታሉ" አለ። "እንዲህ ያለ ነገር ሲጻጻፉ አላየሁም።"

"አንድ ቤት ስላሉ በቃል ይነጋገሩ ይሆናል።"

ቀና ብሎ አየኝ። ያሾፍኩበት መሰለው መሰለኝ፤ አላሾፍኩም ነበር።

"ነብሮ ማነው? የሁሉንም ትክክለኛ ስም እፈልጋለሁ።"

ነብሮ አብሮኝ የሚያስተምር ሰው ነው። ጀጎል ውስጥ ነው የሚኖረው። ሚስቱ ገና አራስ ነበረች። ስሙን ብናገር ያኔውኑ በሩን እንደሚያንኳኩ አወቅኩ። ስሙን አልሰጠሁትም።

"እስከ ነገ አስቢበት" አለኝ። "ስሞቹን ከሰጠሽን ቤትሽ ትገቢያለሽ። ካልሰጠሽን ግን ነገሩን እንዳነበብነው እንይዘዋለን።"

ወደ ክፍሉ መለሱኝ። ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ነርሷ "ምን አሉሽ?" ስትለኝ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጦሩን፣ ከተማውን፣ ነብሮን። ነርሷ አፏን በእጇ ያዘች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ሳቋን ነው የያዘችው።

"አቦ! በጌም ነው የያዙሽ?"

እኔንም ሳቅ አፈነኝ። አዴ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን ያያሉ።

"ጌም ማለት ልጄ የሚያጫውተው ነው?" አሉ።

ልጃቸው ሶፊ ትንሽ ጌም ቤት ነበረው ለካ። አዴ በሩ ላይ ጫታቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። "ወላሂ፣ አንድ ቀን እንኳን በእጄ አልነካሁትም፤ በጆሮዬ ግን ሁሉንም አውቀዋለሁ" አሉን። "ኳሱ ሲገባ ልጆቹ እንዴት እንደሚጮኹ፣ መኪናው ሲጋጭ እንዴት እንደሚል።" የመኪናውን ግጭት በአፋቸው አሰሙን። በደንብ ነው ያሰሙት።

ማን እንደጀመረው አላስታውስም፤ ብቻ እኛም መምረጥ ጀመርን።

ነርሷ ሳታመነታ የድሮ ስልክ ላይ የነበረውን እባብ መረጠች፤ ምግቡን በበላ ቁጥር የሚረዝመውን። "አባቴ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብቶ በር ላይ ስንጠብቅ እሱን ነበር የምጫወተው" አለች። "እባቡ እስካልሞተ አባቴ አይሞትም ብዬ ለራሴ ነግሬው ነበር። ትንፋሼን ይዤ ነው የምጫወተው።"

"ከዚያስ?" አልኳት።

"እባቡ ሞተ። ስልኩን ጥዬ ጮህኩ። አባቴ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አለ፤ መድኃኒት አልውጥም እያለ ሲያስቸግረኝ ይውላል።" ቀጥላም "አሁን ማን እንደሚያስውጠው እንጃ" አለች።

ይህን ጊዜ የበሩ መስኮት ተከፈተ። ጠዋት ያስገባችኝ ፖሊስ ናት። "ድምፅ ቀንሱ!" አለች። ቀነስን። መስኮቱን ልትዘጋ ስትል ትንሽ ቆመች። "እኔ ከረሜላ የሚደረደርበትን ነው የምወደው" አለችና ዘጋችው። ኮቴዋ እስኪርቅ ጠብቀን ብርድ ልብሱ ውስጥ ተደፍተን ሳቅን።

"እርስዎስ፣ አዴ?" አልኳቸው።

"እኔ ኳሱን።"

"ምክንያቱስ? ምክንያት ይነገራል።"

የሻሻቸውን ጫፍ በጣታቸው ሲጠቀልሉ ቆዩ። "ልጄ ቁጡ ነው" አሉ። "በትንሽ በትልቁ ይቆጣል፤ በአባቱ ወጥቶ ነው። በኳሱ ሲሸነፍ ግን ይስቃል። ያሸነፈውን ልጅ ጭንቅላቱን አሸት አድርጎ ይስቃል። እኔ እንዲያ ሲስቅ የማየው እዚያ ብቻ ነው።" ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። "አላህ ባለበት ይጠብቀው" አሉ፤ እኛም አሚን አልን።

ቆርቆሮው ላይ የነበረው ፀሐይ ሸሽቶ ነበር።

"አንቺስ?" አሉኝ አዴ፣ እንደዞሩ።

ለጓደኞቼ ልመርጥ የነበረው ያንን ከተማ የሚገነባበትን ጌም ነው። ከባድ ነው፤ እነሱም የሚያከብሩት ነው። ለእነዚህ ሁለት ሴቶች ግን ሌላ ነገር ስናገር ራሴን ሰማሁት። ልጆች ሆነን፣ ክረምት ላይ፣ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ጌም ቤት እንሄድ ነበር። የመኪና ውድድር ነው የምንጫወተው። አንድ ቀን ወንድሜ ውድድሩን ትቶ መኪናውን አዞረ። ሌሎቹ ወደ ፊት ሲሮጡ እኛ በሌላ መንገድ ወርደን ባሕር ዳርቻ ላይ ወጣን። ሁለታችንም ባሕር አይተን አናውቅም። ማዕበሉ እየመጣ ይመለሳል። ቀስ እያልን በዳር በዳሩ ነዳን። ስክሪኑ በቀይ ፊደል አቅጣጫ ተሳስታችኋል እያለ ይጽፋል። የቤቱ ባለቤት "ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?" ብሎ ተቆጣን። ከዚያ በኋላ በሄድን ቁጥር አንወዳደርም፤ ቀጥታ ወደ ባሕሩ ነው። ወንድሜ አሁን ዓረብ አገር ነው። ባሕሩን በየቀኑ ያየዋል፤ ግን ሲደውል ስለ ሥራው ብቻ ነው የሚያወራኝ።

"ለጓደኞቼ ይህን ማለት አፍሬ ነው የቆየሁት" አልኳቸው። "እነሱ ጎበዝ ተጫዋቾች ናቸው። እኛ ጌሙን በትክክል እንኳን አልተጫወትነውም።"

አዴ ዞሩ። "ታዲያ ይኸው አይደል እንዴ? ይሄንኑ በያቸው።"

"ስልኬን ወስደውታል፣ አዴ። ለማን እላለሁ?"

"ለጠየቀሽ ሰው ነዋ።"

በማግስቱ ጠዋት ተጠራሁ። መርማሪው ቃሌን አስተይቦ ጠበቀኝ። ላነበው ጎተት አድርጌ ወሰድኩት። ጌም በሚል ሽፋን በምስጢር ቋንቋ ስንጻጻፍ እንደነበር፣ ይህንንም ራሴ እንዳመንኩ ይላል። ከታች የፊርማ ቦታ፣ ከዚያ በታች ለስሞቹ የተተወ ባዶ ቦታ አለ።

"ይህን አልፈርምም" አልኩ።

"ለምን?"

"ያልተናገርኩት ነው።"

"ስሞቹስ?"

"ስም አልሰጥም። የእኔ ስም አለዎት።"

ከረር ያለ ነገር ጠብቄ ነበር። እሱ ግን በረጅሙ ተነፈሰና ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋልኝ። "እንግዲያው የምትዪውን ራስሽ ጻፊው።"

ሰሌዳ ላይ እንደምጽፈው በትልልቁ፣ ቀስ ብዬ ጻፍኩ። ግሩፑ የተከፈተው ስለ ጌም ለመጨዋወት እንደሆነ ጻፍኩ። ሁሉም ሲመርጥ እኔ ሳልመርጥ እንደቀረሁ ጻፍኩ። ከዚያም የእኔ ምርጫ የመኪናው ጌም መሆኑን፣ ምክንያቱም እኔና ወንድሜ ማንንም ማሸነፍ ሳያምረን የተደሰትነው እዚያ ብቻ መሆኑን ጻፍኩ። ስሜን ሙሉውን፣ እስከ አያቴ ጽፌ ፈረምኩ።

ሁለት ጊዜ አነበበው።

"ይሄ ቃል ነው?"

"ቃሌ ነው።"

"አያስፈታሽም።"

"አውቃለሁ" አልኩት።

አላስፈታኝምም። ከዚያ በኋላ ብዙ ሳምንት ቆየሁ። አዴ ቀድመውኝ ወጡ፤ የአገር ሽማግሌዎች ገብተውበት ልጃቸውም ቤቱ ተመለሰ። ነርሷ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረች፤ በዓል ሲሆን እንደዋወላለን። እኔን አንድ ቀን ጠዋት ያለ ምንም ክስ ሂጂ አሉኝ። ነብሮ የምንለው ጓደኛችን ከሚስቱ ጋር ሊጠይቀኝ መጣ። ብዙም አላወራንም። ሕፃኑን ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝና ሻይ ጠጣን።

ዱላ ደርሶብሽ ነበር ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። አልደረሰብኝም። ሌሎች የሆኑትን ስሰማ የእኔን ማውራትም ያሳፍረኛል። ከዚያ አብሮኝ የቀረው ሌላ ነገር ነው። ለጓደኛዬ መልእክት ስጽፍ ሁለቴ አነበዋለሁ። ማጥቃት፣ መያዝ፣ ማሸነፍ የሚሉትን ቃላት፣ ስለ ኳስ እንኳን ቢሆን እሰርዛቸዋለሁ። ተማሪዎቼ ፊትም የማወራውን የሚመዝን ሰው ውስጤ ተቀምጧል፤ ለረጅም ጊዜ እሱ ያልፈቀደው ቃል ከአፌ አልወጣም። በቅርቡ ግን አንዳንዱን ሳልሰርዝ መላክ ጀምሬአለሁ።