የአከራያችን ሸክላ

ሙዚቃ ይህን ያህል ሊጠላ እንደሚችል ያወቅኩት ጀፕስታውን በሚባለው የስደት ሰፈራችን ውስጥ፣ የምንነግድበት ሕንፃ ባለቤት ቢሮ ተቀምጬ ነው። ሰውዬው ሽማግሌ ነጭ ነው። ሚስቱ ሞታለች፣ ልጆቹ አውስትራሊያ ናቸው፤ የቀሩት ሕንፃው፣ የሸክላ ማጫወቻውና አንድ አልበም ናቸው። አልበሙ የአሜሪካ ደቡብ የሮክ ባንድ ነው። ሽፋኑ ላይ ፀጉራቸው ትከሻቸው ላይ የወረደ፣ ጢማቸው አፋቸውን የሸፈነ ወንዶች ቆመው ይስቃሉ። ምን እንዳሳቃቸው ዛሬም አልገባኝም።

ነገሩ የጀመረው በሊፍቱ ነው። እኔና ባለቤቴ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብርድ ልብስና አንሶላ በጅምላ እንሸጣለን። ሊፍቱ ከሞተ ቆይቷል። ባለቤቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ማታ ማታ ያብጥባታል፣ እሷ ግን ዕቃ ተሸክማ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ሊፍቱን አሠራልን ልለው ሄድኩ። ሰውዬው ጣቱን አነሳና ዘፈኑ እስኪያልቅ ተቀመጥ አለኝ። ዘፈኑ ግን የሚያልቅ ዘፈን አይደለም! አንዱ ብቻውን የሸክላውን አንድ ገጽ ይጨርሳል። እኛም ቸርች መዝሙር ይረዝማል፤ የኛው ግን ቢያንስ እግዚአብሔር አለበት።

በመጨረሻ ዓይኑ እያበራ «እንዴት ነው?» አለኝ። ሰው በገዛ ቤቱ እንዲህ ሲጠይቅህ ምን ትላለህ? ይሉኝታ ያዘኝና «በጣም አሪፍ ነው» አልኩት። ወይ ምላሴ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቅ ስንዘጋ ይጠራኝ ጀመር።

ልቀር ብል ባለቤቴ አልሰማችኝም። ከታች፣ ግራውንድ ላይ፣ መንገዱን የሚያየውን የማዕዘን ሱቅ የተከራየው ሰው ሊለቅ ነበር። ጻካኔ ከሚባለው ከከተማ ውጭ ያለ ሰፈር ለሱቃቸው ዕቃ ሊገዙ የሚመጡት ያገራችን ልጆች ደረጃውን አይተው ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳሉ፤ ለብርድ ልብስ ብሎ ሦስት ፎቅ ማን ይወጣል? «ሂድና ስማለት፤ ጆሮህ አይቆረጥም» አለችኝ። «የታቹን ሱቅ ካገኘን እኔ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ሰማሁለት። ሁለት ከበሮ መቺ አላቸው። ሁለት! አንዱ ቢቀር ማን ያውቅበታል? ጊታረኛው አንዲት ድምፅ ይዞ ያላዝናል፤ ለቀቃት ስትል ተመልሶ ይይዛታል። አልበሙ የተቀዳው ሕዝብ ፊት ነው፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል አንድ እንኳን «ኧረ ይበቃል!» የሚል ጠፋ፣ ጭራሽ ያፏጫሉ። አከራያችን ዓይኑን ጨፍኖ በስተርጅናው የሌለ ጊታር ሆዱ ላይ ይቧጥጣል። «ከዚህ አልበም በፊት ማንም አያውቃቸውም ነበር፤ በዚህ ነው ዓለም ያወቃቸው» ይለኛል፣ ሁልጊዜ፣ እንደ አዲስ። ባያውቃቸውስ ምን ይጎድልበት ነበር እላለሁ በሆዴ። በአፌ «ዋው» እላለሁ።

አንድ ቅዳሜ የታቹ ተከራይ ለቀቀ። አከራያችን ሸክላውን እየገለበጠ «ያንን ሱቅ ለአንተ ልሰጥህ አስቤያለሁ፤ ትፈልጋለህ?» አለኝ። ልቤ ዘለለ። አፌ ግን ምን አለ? «ኖ፣ ኖ፣ ለምን ትቸገራለህ፣ እኛ እላይ ደህና ነን።»

እኔ ባደግኩበት ቤት ሰው የተሰጠውን ዘሎ አይቀበልም። ምግብ ሲቀርብልህ አንጀትህ እየጮኸ «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ትላለህ። ባለቤቱ በሞቴ ይልሃል፣ አፈር ስሆን ይልሃል፣ ይቆጣል፤ ያኔ እጅህን ትታጠባለህ። እኔም በሞቴውን ጠበቅኩ።

«ሹር ነህ?» አለኝ።

«ሹር» አልኩት። በሦስተኛው እሺ ልለው ተዘጋጅቻለሁ።

«ኦኬ» አለና መርፌውን ሸክላው ላይ አስቀመጠ።

ኦኬ! ሁለቴ ብቻ ጠይቆ ኦኬ! በሞቴ የሚል ቃል የሌለው ሕዝብ እንዴት አድርጎ እርስ በርስ እንደሚጋበዝ እንጃ። «ስለ ሱቁ...» ብዬ ስጀምር ጣቱን አነሳ። «ሽሽ! አሁን ጊታሩ ሊገባ ነው።» ጊታሩ ገባ። ገብቶም አልወጣም። ሲወጣ ሰውዬው ስልኩን አንስቶ ሌላ ሰው ጋ ደወለ፤ የዚያኛው ድምፅ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል፤ በድምፁ አወቅኩት። ፎርድስበርግ ሰፈር የሞባይል ሽፋን የሚሸጥ የአገሬ ልጅ ነው ደግሞ! «የስ! የስ! ታንክ ዩ!» ይላል፣ ሰውዬው ተናግሮ ሳይጨርስ። ይሄ ያገሬ ልጅ መግደርደርን ከመቼ ወዲህ ነው የተወው? አንዲት ዘፈን እንኳን ሳይሰማ! እኔ ደግሞ እፈልገዋለሁ ነበር ለማለት አፈርኩ። የማይረባ እፍረት!

ስወጣ አከራያችን አልበሙን ከነሽፋኑ ዘረጋልኝ። «ውሰደው፣ እኔ ሌላ አለኝ። እንዳንተ የሚወደው ሰው አላጋጠመኝም።» ትምህርቱ ገብቶኛልና ሳይጨርስ «ታንክ ዩ» ብዬ ተቀበልኩት። ቤታችን የሸክላ ማጫወቻ የለም።

ባለቤቴ ከታች፣ ደረጃው ሥር፣ የዚያን ቀን የገባ የብርድ ልብስ እስር ላይ እግሯን ዘርግታ ትጠብቀኛለች። እጄን አየች። «ቁልፉን ሰጠህ?» አለችኝ። የሆነውን ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ሽፋኑ ላይ የሚስቁትን ወንዶች ትንሽ አየቻቸው። ከዚያ የደረጃውን ብረት ይዛ ተነሳች፣ እስሩን ትከሻዋ ላይ አድርጋ መውጣት ጀመረች።

«አምጪው፣ እኔ ልያዝልሽ» አልኳት።

«ተወው፣ ደህና ነኝ።»

«በሞቴ!»

ዞር ብላም አላየችኝ። እሷ እየተግደረደረች አልነበረም።